ጨዉን የደበቀችብኝ ምራቴ

ለእህት ዓለሜ ለእንቁ፣

የአላህ ሰላምና ራሕመት ባለሽበት ያግኝሽ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ሥራው አልከበደሽም? የጅዳ ሙቀትስ በረደልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ባቄላውም እሸት ሆኗል።

ሰሞኑን በስልክ «ምን ከፍቶሽ ነው?» ስትይኝ ፈርሂያ አጠገቤ ስለነበረች ዋጥ አደረግሁት። አሁን ልንገርሽ። ይቺ የልጄ የሙሐሲን ሚስት በክረምቱ ጤና ጣቢያ ወስዳኝ ነርሷ «ደም ብዛት አለብዎ» ካለችኝ ወዲህ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነብኝ። ወጡ ጨው የለው፣ ቅቤ የለው። ጠዋት ጎመን፣ ማታ ምስር። «የክርስቲያን ጾም አስገባሽኝ እንዴ?» ስላት «እማ፣ ለልብዎ ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ራስ ምታት እንኳ አላውቅም። ሳያመኝ ታማሚ መባሌ አልዋጥልሽ አለኝ። ቅቤውን ለእህቷ እየላከች፣ እኔን አድክማ ጓዳውን ልትረከበኝ ነው አልኩ።

ጨዉን ስትደብቅማ በዓይኔ አየኋት። ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ለራሷ ሌላ ወጥ ትሠራ እንደሆነ ብዬ ስትበላ በር ላይ ቆሜ አያለሁ፤ የምትበላው ያንኑ የእኔን ነው። ይኼንንም ልታሞኘኝ ነው አልኩ። በገበያ ቀን ሻርፔን ተከናንቤ ከኋላዋ ሄድኩ። ጎመንና ሽምብራ ገዝታ ተመለሰች እንጂ ቅቤ ተራው ጋ ዝር አላለችም።

ምሬቴን የማወራው ለጎረቤታችን ለየሻለም ነበር። «ምራት አይታመንም» ትለኝና በቅቤ የራሰ፣ ጨው ጠንከር ያለበት ቅንጬ ታቀርብልኛለች። እሷም ደም ብዛት አለባት፤ መድኃኒቱን ግን ተሻለኝ ብላ ትታው ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ እቤቷ ተቀምጠን ስንበላ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። የሳቀች መስሎኝ ቀና ስል አፏ ወደ አንድ ጎን ዞሯል፣ ቃሏም ተሳስሯል። ጮህኩ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ገሚሱ ምች ነው፣ ገሚሱ የሰው ዓይን ነው ሲል ፈርሂያ ሮጣ ገባች። «ስትሮክ ነው፣ ጊዜ አንፍጅ!» ብላ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰቻት። ነፍሷ ተረፈ፤ ቀኝ እጇ ግን እስከ ዛሬ አይታዘዝላትም።

ሐኪሙ ሴት የወር አበባዋ ከቀረ በኋላ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ የበለጠ እንደምትጋለጥ፣ ጨውና ቅቤ ሲበዛ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ሲያንስ ደግሞ እንደሚብስ ነገረን። ደም ብዛት ሳያሳምም ነው የሚጎዳው አለ። እኔን እያየ ሲናገር ማን ነገረው ብዬ ፈርሂያን ገላመጥኳት። እሷ ግን እያለቀሰች ነበር። እናቷ ድንገት ሞተች ሲባል እንጂ በምን እንደሆነ ሰምቼ አላውቅም። በዚሁ በሽታ እንደሆነ ሙሐሲን ነገረኝ።

የዚያን ዕለት ያቀረበችልኝን ምስር ጨው አነሰው ሳልል በላሁ። ከዚያ ወዲህም እየበላሁ፣ ጤና ጣቢያ የታዘዘልኝን ኪኒንም እየዋጥኩ ነው። ትናንት ስለካ ደም ብዛቴ ወርዷል። መሣሪያውን አላመንኩትምና እንደገና አስለካሁ፤ ያው ነው።

አሁን የምጠረጥረው አንቺን ነው። «ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጀርባዬንም ይጨመድደኛል» ብለሽኝ፣ «ድካም ነው» ብለሽ አለፍሽው። ማዳምሽን አስፈቅደሽ ነገ ዛሬ ሳትይ ታከሚ። ከእነሱ የተረፈውን ሥብ የበዛበት ሩዝም ተዪው።

ሙሐሲን ናፍቆቱ በዝቷል። ፈርሂያ እጅሽን ትስማለች። ወንድማችን አሕመድኑር ከአጅባር ሰላም ብሎሻል። የሻለም በግራ እጇ እያወዛወዘች ሰላም በይልኝ ብላለች። አብራሽ ለምትኖረው ለፊርደውስም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ደኅና ነኝ ብቻ ብለሽ እንዳትልኪብኝ። የሻለምም ያን ቀን ጠዋት እንዴት አደርሽ ስላት፣ ደኅና ነኝ ብላኝ ነበር።

እህትሽ አልታዬ
መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.