የሰጠሁት የውሃ ተራ

ለልጄ ለሶልያና፣ የዲማው ጊዮርጊስ በሰው አገር ግርማ ሞገስ ይሁንሽ። ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው።

እኛ ደህና ነን፤ የመንገድ ዳሩ ባቄላ ግን ደህና አይደለም። «የመኪና ጭስ ፀሐይ ሲመታው ኦዞን የሚባል መርዝ ይወጣዋል፤ የተጠማ ቅጠል ግን መተንፈሻውን ስለሚዘጋ መርዙ እምብዛም አይገባውም» ብለሽኝ ነበር። እኔም አምኜ የመስኖ ተራዬን ለጎረቤታችን ለማሬ ሰጠሁት። ቅጠሉስ መርዙ ከሚያወጣበት ነጠብጣብ ዳነ፤ እሸቱ ግን ባዶ ሆነ።

ማሬ «ልጅህ ጀርመን ተቀምጣ ባቄላህን አስጾመችው!» እያለ ይስቅብኛል። እናትሽ «ሂድና ተራህን አስመልስ» ትለኛለች። መቀመጫ አጣሁ። የሰጠሁትን መልሼ ለምኜ አላውቅም። አንቺ አጠጣ ካልሽኝ ግን ማሬ ደጅ እቆማለሁ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ያፍራ። እባክሽ፣ የቀረው አበባ ሳይረግፍ ቁርጡን ላኪልኝ።

አባትሽ አምደሚካኤል