ጸሎት የመሰላቸው ድምፅ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 2004

የልጄ የዮናስ መርዶ የደረሰኝ የማጸዳው የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ባለፈው መጋቢት፣ ሌሊት ታኮማ ከተማ መንገድ ላይ መኪና ገጭቶ ገደለው፤ ያገሬ ሰዎች ሽማግሌዎች ሊያረዱኝ በማለዳ ቤቴ ቢመጡ እኔ ሥራ ሄጃለሁ። ተከትለውኝ መጡ። በአየር በሚነፉ ቧንቧዎች የሚጮኸውን የቤተ ክርስቲያኑን ትልቅ ኦርጋን የሚያድሰው ጄሪ አንዲት ቧንቧ ለማስተካከል ደጋግሞ ያስጮኻታል። እነሱ የፈረንጅ ጸሎት መሰላቸው። በጸሎት መሐል መርዶ አይነገርም ብለው፣ ጫማቸውን አውልቀው በሩ ጋ ቆሙ። እኔ ኦርጋኑን ሊያዩ የመጡ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ይግቡ እንጂ! ኦርጋኑ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል» አልኳቸው ታላቁን ሽማግሌ።

«ግድ የለም ልጄ፣ ይጨርሱ» አሉኝ፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

ዛሬ እድሳቱ አለቀ። የኦርጋኑ ትንፋሽ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ጓጉቼ ጄሪን ጠየቅሁት። ከኋላ ወስዶ የቀጥቃጭ ወናፍ የመሰለ ትልቅ ነገር አሳየኝ። ያረጀውን ቆዳ በአዲስ ለውጦታል። ሞተር ሳይመጣ ሰው ነበር አለኝ የሚነፋው።

«ያን ቀን የምታስጮኻት የቷ ነበረች?»

«የቱን ቀን?»

«ሰዎቼ የመጡ ቀን።»

ወደ ኦርጋኑ ፊት ተመለሰ። ከዚያ «ኦኬ፣ ነይ» ብሎ ጣቴን ያቺን ቧንቧ የሚያስጮኸው የኦርጋኑ ቁልፍ ላይ አኖረልኝ። ተጫንኩት። ጣቴን እስካላነሳሁ ድምፁ አይቆምም። ያን ቀን ይህ ድምፅ እስኪያልቅ ድረስ ልጄ ለእኔ በሕይወት ነበር።

«በቃ?» አለኝ ጄሪ።

«ትንሽ ቆይ።»

ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ የምታገኙ ሰዎች፣ ለልጄ አንድ «አባታችን ሆይ» ድገሙለት። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው።