የቅጠል ላይ ውሃ

ሰኞ፣ ጥር 4
ከፈጅር ሶላት በኋላ። ውጭው በረዶ። መኪናው እየሞቀ ነው። ማስታወሻዬ፣ ላንተ እንኳ ያልነገርኩህ አለ። ልጄ ሐያት ሰሞኑን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ እዋሻታለሁ። በየቀኑ ትደውላለች፤ «አባ፣ ውሃ ስፕሬይ አደረግካት?» አድርጌያለሁ እላለሁ። አላደረግኩም። ትታልኝ የሄደችው ከእስያ ጫካ የመጣች አረንጓዴ እንሽላሊት ናት፣ ዛፍ ላይ የምትኖር፣ ጀርባዋ እንደ ማበጠሪያ። ትንፋሼን ይዤ ወዳለችበት ክፍል እገባለሁ፣ ፌንጣ እጥልላታለሁ፣ ውሃ በሳህን አስቀምጬ እወጣለሁ። በቃ።

ረቡዕ፣ ጥር 6
ከሥራ መልስ፣ ቤት። እንሽላሊቷ ጠቁራለች። ዓይኗ ጎድጉዷል። ሳህኑ እንደሞላ ነው። የጠማው ራሱ ወርዶ ይጠጣል ብዬ ነበር፤ አገሬ ወሎ ከብቱም ወፉም ወደ ውሃው ነው የሚወርደው። ሐያት ግን ነግራኝ ነበር። ይቺ የምትጠጣው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ነው፣ የቆመ ውሃ አታውቅም። ብትሞት ለልጄ ምን እላታለሁ?

አርብ፣ ጥር 8
ከጁምዓ በኋላ ሼኻችንን ጠየቅኳቸው፤ የጠማትን እንሽላሊት ላጠጣ ብዬ ብነካት ለሶላት የታጠብኩት ውዱእ ይፈርሳል ወይ? ሳቁብኝ። አንተ ሰውዬ፣ እሷ ጠምቷት እያለ ነው እዚህ ቆመህ የምትጠይቀኝ? አሉ። አፈርኩ።
መኪና ውስጥ ሳስበው፣ ነገሩ ውዱእ አይደለም። ባለቤቴ ዘይነባ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የታመመችው እዚያ ክፍል ነው። አልጋዋ ከእንሽላሊቷ ፊት ለፊት። ጠዋት ጠዋት ተነስታ ትረጭላት ነበር። ተኚ ስላት፣ የምትጠብቀኝ አለች ትለኝ ነበር። የመርጫው ጠርሙስ እስካሁን ራስጌው ላይ ነው። እኔ የምሸሸው ያን ጠርሙስ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 9
ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። ጠርሙሱን አነሳሁት። አፉ ደርቆ ተደፍኗል፣ አልረጭ አለ። ቦታው መለስኩት። የውዱእ ማንቆርቆሪያዬን አመጣሁ፣ ለብ ያለ ውሃ። ከላይኛው ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ አደረግኩላት። አልተንቀሳቀሰችም። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። እጄ ዛለ፤ አላቆምኩም። አንዷ ጠብታ አፍንጫዋ ላይ አረፈች። ምላሷን አወጣች። ደገመች። ጠጣች።
ለሐያት በቪዲዮ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ውሸቱንም ክፍሉንም። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «ኢዝ ሺ ድሪንኪንግ ናው? አሁን እየጠጣች ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ስልኩን አስጠጋልኝ አለች። አብረን አየናት።
መስገጃዬን ወደዚህ ክፍል አዛወርኩ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ደርሷል።