ለቅሶ ቤት የወሰንነው

ኅዳር 3
ጠዋት ጸሎት። ቁርስ ከትናንት የተረፈ ቅቅል ቦይና በዳጣ። ከዚያ የእድሩን ፕሮግራም ስልኬ ላይ ከፈትኩ... የቀብር መልእክት መላኪያው ዛሬም መሀል ላይ ተዘጋብኝ። ከጥቅምት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ለይድነቃቸው ጻፍኩለት። "ጋሽ ታሪኩ፣ እርስዎ ካልነኩት እኮ አይበላሽም" አለኝ። ሳቅሁ።

ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እዚህ ሥራ ውስጥ ምን ያደርጋል? ይሞክራል። የሚበላሽበትን ይናገራል። ፕሮግራሙን የጀመረው ይድነቃቸው ነው፣ ኮሌጅ ያስተምራል። ኮዱን አብዛኛውን የምትጽፈው ቦዲቲ ያለችው ዘይነባ ናት። ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ እድር በነፃ ይወስዳል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ደመወዝ የሚባል የለም። ለእኔ ከጡረታዬ በኋላ ትልቅ ነገር ሆኖልኛል።

ኅዳር 9
ጉኑኖ፣ ለቅሶ። የቦጋለ እናት አረፉ። ቦጋለ የዚያ እድር ሰብሳቢ ነው፤ ፕሮግራማችንን ቀድሞ የወሰደውም እሱ። ድንኳን ውስጥ ከይድነቃቸው ጋር አጠገቡ ተቀመጥን። አንድ አዛውንት ባለቁልፍ ስልካቸውን እያሳዩ "መርዶው በዚህ አልመጣም፣ ከጎረቤት ነው የሰማሁት" አሉ። ወሬ ወሬን አነሳ... በኢንተርኔት መላኩ ቀርቶ በተራ ኤስኤምኤስ ይሁን ተባለ። "እንግዲህ ሁላችንም ተስማምተናል" አልኩ። ይድነቃቸው ቅዳሜ እሠራዋለሁ አለ።

ጥሩ ቀን ነበር። ለቅሶ ቤት ጥሩ ቀን ይባላል? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር 17
ዘይነባ ከቴሌግራም ቡድናችን ወጣች። የተወችው አንድ መስመር፦ "ሥራዬን መሰረዛችሁን ኮዱን ስከፍት አየሁ። አላህ ያግዛችሁ።"

ያ "ይዘጋል" ያልኩትን መላኪያ ለካ እንደ አዲስ ስትሠራው ከርማለች። ልትጨርስ ትንሽ ነበር የቀራት። ይድነቃቸው በኤስኤምኤስ የሚሄደውን ጽፎ የሷን ሰረዘው።

"ነግረሃታል?" አልኩት።
"እርስዎ የነገሯት መስሎኝ።"
እኔ ደግሞ እሱ መስሎኝ።

"ሁላችንም" ብዬ ነበር። ሦስት ሰው ነበርን።

ያለ እሷ ሥራው ይቆማል፤ ይድነቃቸው ራሱ አመነ። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው... ያንን ስታይ ልጅቷ ምን ተሰማት?

ኅዳር 18
ባለቤቴ እልፍነሽ በሕይወት ሳለች "አንተ በልብህ ታወራና ሰው ሰማኝ ትላለህ" ትለኝ ነበር። ስቄ አልፋት ነበር። ዛሬ ጸሎት ላይ ትዝ አለችኝ። ነገ ቦዲቲ እሄዳለሁ።

ኅዳር 19
የዘይነባ አባት ሱቅ ገበያው መግቢያ ላይ ነው። አብዱልመጂድ ገና ሲያየኝ፣ "ታሪኩ፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ወይስ ስኳር ልትገዛ?"
"ሁለቱንም።"
"ስኳሩን አስቀድም። ይቅርታው ባይሳካ ባዶ እጅህን አትመለስም።"

ልጅቷ ከጆንያዎቹ ኋላ ላፕቶፗን ከፍታ ነበር። ቀና አላለችም።

"ጋሼ፣ ኤስኤምኤሱ ትክክል ነው። ብትጠይቁኝ እኔም እሱን ነበር የምለው።"
"ታዲያ..."
"እናንተ ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ። ሰርግ ላይ፣ ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ። እዚያው ትወስናላችሁ። እኔ የት ሆኜ ልስማ? የቦጋለ እናት ማረፋቸውን እንኳ የነገረኝ የለም። አላጽናናሁትም።"

የእድር መልእክት የምንሠራ ሰዎች... አፈርኩ። "አጥፍተናል፣ ልጄ" አልኩ። ያን "ሁላችንም" ያልኩትንም ነገርኳት። ትንሽ ፈገግ አለች።

"ቡድኑ ላይ ያልተጻፈ፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ተጽፎም ሁላችንም እስክንመልስ ይጠበቅ። በዚህ ከተስማማችሁ እመለሳለሁ።"
"ተስማም..." ብዬ አፌን ያዝኩ። "ቆይ፣ ልጻፍላቸው።"

አብዱልመጂድ ከባንኮው ኋላ ሳቀ። "ገባው" አለ።

ኅዳር 20
ይድነቃቸው "እሺ" አለ። ይቅርታውንም ለብቻዋ አይደለም የጻፈው፣ ሁላችንም በምናይበት ነው። ቦጋለ ወደ ማታ መለሰ። ዘይነባ ገባች። መጀመሪያ የጻፈችው ለቦጋለ ማጽናኛ ነበር።

ታኅሣሥ 14
ከአምልኮ በኋላ ደጅ ላይ ከይድነቃቸው ጋር ቆምን፤ ቦጋለም ከጉኑኖ መጥቶ ነበር። አንድ ሐሳብ አመጣሁ፤ ከቀብር የቀረ አባል ስሙ ለሁሉም ይታይ። ሰነፉ እንዲያፍር። በጣም ወደዱት።

"በቃ፣ ዛሬውኑ ይግባ" አለ ቦጋለ።
"መጀመሪያ ይጻፍ።"
"የራስዎ ሐሳብ እኮ ነው፣ ጋሽ ታሪኩ።"
"ቢሆንም።"

እዚያው ቆሜ ጻፍኩ። በአንድ ጣት ስለሆነ ቆየሁ፤ ቦጋለ ፀሐዩን ሸሽቶ ጥላ ፈለገ።

ከሰዓት ዘይነባ መለሰች፦ "እኔ አልስማማም፣ ጋሼ። የቀረው ታሞ ቢሆንስ? በሽተኛ ይዞ ቢሆንስ? ለሰብሳቢው ብቻ ይታይ፣ እሱ ሄዶ ይጠይቀው።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤቴን ሳስታምም እኔ ራሴ ስንት ቀብር ቀርቻለሁ... እንዴት ረሳሁት? ያኔ ስሜ ለሰው ሁሉ ቢለጠፍ ኖሮ?

ይድነቃቸው "ልክ ናት" ብሎ ጻፈ። ቦጋለም። የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ ሦስቱ እየጠበቁኝ። "እስማማለሁ" ብዬ ላክሁ።

ሐሳቤ ወደቀ። እስካሁን ደስ እንዳለኝ ነው።