አረንጓዴዋ መብራት

ጥቅምት 3፣ ጠዋት። ዲላ።
እንደገና ዝናብ። ማስታወሻዬ፣ ላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ዛሬም ያቺው መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር። የጨለለቅቱን ወንዝ ከፍታ የሚለካው መሣሪያ በሲሪያል ፖርት፣ በኬብሉ መግቢያ፣ ነው የሚያናግራት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ፖርቱ እንደተዘጋ ይቀራል። ወንዙ ቢሞላም የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ሳይረን አይጮህም። ስትነሳ ራሷ እንድትከፍተው ሚሞሪ ካርዷ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ተከፈተ። ደስታው ግን አልመጣም፤ ወንዙ ዳር ገና አልተሞከረም።

ጥቅምት 6፣ ማታ።
ጨለለቅቱ ደርሼ መጣሁ። ቡና ማጠቢያው ጋ። ዘበኛው አቶ በራሶ ከነሚስቱ ወንዙ ዳር ጎጆ ውስጥ ነው የሚኖረው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ተራ ገብተው፣ ውኃው ዳር የተከሏትን ምልክት ያለባት እንጨት ያያሉ። አሁን አረፍን አሉ።
ኮምፒውተሯን መጋዘኑ ውስጥ ሰካሁ። ፖርቱ አልተከፈተም። ኬብሉ ላልቶ ይሆናል አልኩ። የመጨረሻው ሚኒባስ ክላክስ ያደርጋል። ትእዛዙን በእጄ ጻፍኩ። ሳይረኑ ጮኸ፣ ሰው ሳቀ። አቶ በራሶ የኮምፒውተሯን አረንጓዴ መብራት እያየ፣ “በይ እንግዲህ አንቺ ንቂ፣ እኔ ልተኛ” አላት።

ጥቅምት 8፣ ከሰዓት።
ሸሚዜን ልዘፈዝፍ ስል ኪሱ ውስጥ ጠንካራ ነገር። ካርዱ። መንገድ ላይ እንዳይወድቅ አውጥቼው ነበር። የጻፍኩት መስመር እዚህ፣ እጄ ላይ። እሷ ያለ ካርዱ ሆዷ ውስጥ ባለው አሮጌ ፋይል ትነሳለች። መብራቷን ታበራለች። ወንዙን አትሰማም።
ደወልኩ። ሚስቱ ወ/ሮ አበበች አነሳች። መብራት ትናንት ሄዶ መጥቷል አለችኝ። ሳይረኑን አትመኑ አልኳት።
“ኧረ ወንድሜ፣ አረንጓዴዋ በርታለች እኮ። አንተ ደግሞ ስጋት ትወዳለህ።”
እንጨቷስ? አልኳት። ነቅለው አንድደዋታል። ልደግምላት ስል ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ አይጠራም። መኪና የለም። መንገዱ ተንዷል፣ ነገ ይከፈታል ይላሉ።

ጥቅምት 9።
ወንዙ ቀደመኝ። የጎጆው ግማሽ የለም። ወ/ሮ አበበች የቡና ማስጫው አልጋ ላይ ተቀምጣለች፣ ጭቃው ላይዋ ላይ ደርቋል። አቶ በራሶን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደውታል። አልነቃም። ውኃው ሲደርስበት ተኝቶ ነበር።
መጋዘኑ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ኮምፒውተሯ ደረቅ። አረንጓዴ።
ወ/ሮ አበበች አልተቆጣችኝም። ያኔ በስልክ ልትነግረኝ ነበር፣ አለች።

ጥቅምት 10።
ካርዱን አስገባሁ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ፖርቱ ተከፈተ፣ ቁጥሩ መጣ። ደግሜ። ደግሜ። አረንጓዴዋን መብራት በጥቁር ናስትሮ ሸፈንኳት። እንጨት ቆርጬ፣ ምልክት ቀርጬ ውኃው ዳር ተከልኩ።
ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ እስኪያባራ ዲላ አልመለስም። የአቶ በራሶ ተራ ባዶ ነው። እኔ እገባበታለሁ።