ሦስት ብዬ ያነበብኩልህ ስምንት

ተስፍሽ፣ የኔ ጌታ፣

አንተ ካረፍክ አስር ወር ከአስራ ሁለት ቀን ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ወሬ ጠፍቶ አይደለም፤ የምነግርህን ነገር ፈርቼ ነው። አሁንም እየፈራሁ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢጣመም እንዳትስቅብኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሜሮን ሥራዋን ሳን ሆዜ ወዳለ ሆስፒታል አዛውራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታየኛለች፤ በመጣች ቁጥር "ማሚ፣ ኦክላንድ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ሙቭ አድርጊና ከኔ ጋር ሁኚ" ትለኛለች። እሺም እምቢም አላልኳትም። የስኳር መለኪያህን ከመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አላነሳሁትም። ጋራዡ ውስጥ ካከማቸሃቸው የድሮ ስልኮች ግማሾቹን የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች ወስደዋቸዋል፤ የቀሩትን በየሳምንቱ አቧራቸውን እጠርጋለሁ። አንዳንዴ የአንዱን እጀታ አዞርና ደወሉ ቂር ሲል ደንግጬ እተወዋለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሳን ሆዜ ካለ ትንሽ ሙዚየም አንዲት ሴት ኮል አደረገችልኝ። ካሮል አምጥታልህ የመረመርከውን የጀርመን የጦር ሜዳ ስልክ ለዕይታ ሊያቀርቡት ነው። ውስጡ ተከፍቶ የተነሳውን ፎቶ ያየ አንድ ሰብሳቢ ግን "የመነጋገሪያው ውስጥ ያለው ክፍል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ይመስለኛል" ብሎ ኢሜይል ልኮላቸዋል። አንተ ፈርመህ የሰጠኸው የማረጋገጫ ወረቀት ደግሞ "ሁሉም ክፍሎቹ በጦርነቱ ጊዜ የተሠሩ ናቸው" ይላል። ዕይታው ሊከፈት የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። "ባለቤትሽ የተዉት ማስታወሻ ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው" አለችኝ ሴትዮዋ በትህትና።

"እፈልጋለሁ" ብዬ ዘጋሁት። የሚፈለግ ነገር ግን አልነበረም። የሆነውን አውቀዋለሁ።

ያን ቀን ታስታውሰዋለህ። ካሮል፣ ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት የቀራት አሜሪካዊት፣ ሳጥኑን በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። አባቷ በወታደርነቱ ጊዜ ከጀርመን ያመጣው ነው። "በውጊያ መሃል ከምሽግ ውስጥ ነው ያነሳው" አለች። ታላላቅ ወንድሞቿ ሁልጊዜ እንደዚያ ይናገሩ ነበር።

አንተ እንደ ልማድህ አልቸኮልክም። በወጣትነትህ አዲስ አበባ ስልክ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር የተማርክባቸው የጀርመን ዕቃዎች ስለነበሩ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር እጅህ ሲገባ ድሮ የሚያውቁትን ሰው እንደማግኘት ነበር የሚያደርግህ። ጥቁሩን ሳጥን በአውራ ጣትህ እስኪሞቅ አሸኸውና ካሮልን አስሸተትካት። ይሄ እንደ ሆስፒታል መድኃኒት የሚሸተው የድሮው ባከላይት ነው፤ አዲስ ፕላስቲክ እንዲህ አይሸትም አልካት። ክዳኑን ከፍተህ የጀርመኖቹን የፊደል ሰንጠረዥ አሳየሃት፤ ወታደሮቹ በመስመር ላይ ስም ሲነጋገሩ ፊደል እንዳይምታታባቸው የሚያዩትን። ሳጥኑ ላይ ያለውን ማህተም ደግሞ በጣትህ ዳሰስከው። "የሐሰተኛ ማህተም ጠርዙ ይቆርጣል፣ አዲስ ነዋ። ይሄ ግን ከዕቃው ጋር አብሮ አርጅቷል" አልካት።

ጣትህ ያይ ነበር። ዓይንህ ግን አያይም ነበር፤ ያንን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን። ስኳሩ ዓይንህን ከያዘው ወዲህ፣ ሰው እንዳይነቃብህ፣ አጉሊ መነጽሩን ለኔ እየሰጠህ "እጄ ተይዟል፣ ጽሑፉን አንብቢልኝ" ትለኝ ነበር።

ያን ቀንም የመነጋገሪያውን ክዳን ፈትተህ በውስጡ ያለውን ክብ ብረት አወጣህና "ዓመቱን አንብቢልኝ" አልከኝ። የመጀመሪያው አኃዝ አራት መሆኑ ጥርት ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ያለው ግን ተፍቋል፤ ሦስትም ይመስላል፣ ስምንትም ይመስላል። በፈረንጆቹ አርባ ሦስት ከሆነ የጦርነቱ ዘመን ነው፤ አርባ ስምንት ከሆነ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። "አልለየውም" ማለት ነበረብኝ። ግን እንዲያ ብልህ መነጽሩን ተቀብለህ ወደ ዓይንህ ታስጠጋዋለህ፤ ብረቱን ወዲያና ወዲህ ስታደርገው ፊት ለፊትህ የቆመችው ካሮል ታውቅብሃለች።

"አርባ ሦስት" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አልከኝ።

"አዎ" አልኩህ። አመንከኝ። ጻፍክ፣ ፈረምክ።

ሴትዮዋ ከደወለች በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቀኝ። እህል አልወርድ አለኝ። ቴሌግራፍ አቬኑ ለገበያ ወጥቼ የምገዛው ጠፍቶኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ።  ዝም ብልስ ማን ያውቃል እላለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ስህተቱ ባንተ ስም ሊቀር ነው። እውነቱን ብናገር የዓይንህን ምስጢር አወጣብሃለሁ። ዓይንህ ከተያዘ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት አስራ አንድ ወረቀት ፈርመሃል፤ የአስራ አንዱንም ጽሑፍ ያነበብኩልህ እኔ ነኝ። አንዱ ከተጠረጠረ ሁሉም መጠርጠሩ ነው። "የሚያረጋግጥላችሁ ሰው ማየት አይችልም ነበር" ሲባል ይታየኛል፤ ቁጭ ባልኩበት ላብ ያጠምቀኛል።

በመጨረሻ ለሙዚየሙ ሴት ደውዬ ስልኩን መጥቼ እንደማየው ነገርኳት። በቀጠሮው ቀን ሜሮን ልትወስደኝ መጣች። መኪና ውስጥ ሆነን "አባትሽ በሰጠው ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ሳይሳሳት አይቀርም" ብቻ አልኳት፤ ስለ ዓይንህ አላነሳሁም። እሷም መሪውን እንደያዘች "ማሚ፣ ጀስት ቴል ዜም ዳድ ሜድ ኤ ሚስቴክ። ኢትስ ኦኬይ" አለችኝ፤ አባቴ ተሳስቷል ብለሽ ንገሪያቸውና ይለፍ ማለቷ ነው። ልታቀልልኝ ነው፣ አልፈርድባትም። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስከ ሳን ሆዜ አለቀስኩ። አንተ አልተሳሳትክማ።

የሙዚየሙ ሴት ከኋላ ወዳለ ክፍል አስገባችን። ካሮል ቀድማን መጥታ፣ ደህና ልብሷን ለብሳ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ከጋራዣችን አምፖል እጅግ የሚበልጥ ኃይለኛ መብራት አለ። ጓንት አድርጌ የመነጋገሪያውን ክዳን ስፈታ እንዳየሁህ ወደ ግራ ነበር ያዞርኩት። ብረቱን አወጣሁና መነጽሩን አስጠጋሁ።

ስምንት ነው ተስፍሽ። በዚያ መብራት ምንም ጥርጥር የለውም።

"አርባ ስምንት ነው" አልኩ። የሙዚየሙ ሴት ግራ ገብቷት "ታዲያ ባለቤትሽ እንዴት..." ብላ ሳትጨርስ፣ ሜሮን ልትመልስላት ስትል እጇን ያዝኳት።

"ባለቤቴ አላነበበውም" አልኩ። "ዓይኑ አያይም ነበር። ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሳልለየው ለየሁት አልኩ።" በዚያ በምትስቅበት እንግሊዝኛዬ ነው የተናገርኩት። ሜሮን ዞራ አየችኝ። እሷም ያኔ ገና መስማቷ ነበር።

 ካሮል ተነስታ የምትወጣብኝ መሰለኝ። እሷ ግን ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ "ሳጥኑስ?" አለች።

"ሳጥኑ የጦርነቱ ነው" አልኳት። "እሱ በእጁ የነካው ሁሉ ትክክል ነው። ይሄ ክፍል ግን የመጀመሪያው ተበላሽቶ በቦታው የተተካ ነው፤ ያውም ጦርነቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላ።"

"እንግዲያው በውጊያ መሃል ተነስቶ በቀጥታ ወደ ቤታችን የመጣ አይደለም ማለት ነው" አለች፤ ቃላቱን እንደምትቆጥር ቀስ ብላ። ከዚያ መናገር ጀመረች። እናቷ አንድ ጊዜ ነግራታለች፤ አባቷ ጀርመን የሄደው ዘግይቶ፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ እዚያም የስልክ ሽቦ ሲዘረጋና የተበላሹ ስልኮች ሲጠግን ነበር። የወንድሞቿ ታሪክ ደምቆ የእናቷን አስረሳት። "ወንድሞቼ የምሽጉን ወሬ ሲጀምሩ አባቴ ተነስቶ ከክፍሉ ይወጣ ነበር። ጦርነቱ ትዝ ብሎት የሚከፋው ይመስለን ነበር" አለች። ከዚያ እየሳቀችም እያለቀሰችም "ምስኪን አባቴ! ለካ የኛን ውሸት መስማት አቅቶት ነው" አለች።

ከስልኩ ጎን የሚለጠፈው ጽሑፍ ተለወጠ። አሁን የሚያወራው ከጦርነቱ በኋላ የተበላሸ ስልክ ጠግኖ ስላናገረ አንድ ወታደር ነው። እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ የጠየቀችው ራሷ ካሮል ናት።

ስንሰናበት በሩ ላይ አቀፈችኝና ምን አለችኝ መሰለህ? "ያን ቀን ገብቶኝ ነበር። ሰላም ሊለኝ እጁን ሲዘረጋ ከእጄ አልፎ ሄደ። የጣቶቹን ነገር አይቼ ነው ያመንኩት።" እኔ ልደብቅልህ ስል የዋሸሁት ነገር ለካ ከመጀመሪያው ታውቆ ነበር። እፍረቱ እስከ ዛሬ ፊቴን ያግለኛል።

አሁን የቀሩትን አስር ወረቀቶች ይዤ እየዞርኩ ነው። ሜሮን ከሥራ ኦፍ በሆነች ቀን ትነዳልኛለች፤ ስለ ዓይንህ ለምን እንዳልነገርናት አንዴ ብቻ ጠየቀችኝ። አራቱን ስልኮች ከፍቼ አይቻለሁ፤ ደህና ናቸው። ከባለቤቶቹ አንደኛው ሰውዬ ስደውልለት አያነሳም፤ እሱ ያሳስበኛል። ያየኋቸውን ሁሉ ግን አዲስ ወረቀት እየጻፍኩ፣ ከስምህ በታች ስሜን እፈርማለሁ። "ዕውቀቱ የእሱ፣ ንባቡ የእኔ" ብዬ።

ሰኞ አምስተኛው ጋ እሄዳለሁ። እፈራለሁ፣ አልዋሽህም፤ ግን እሄዳለሁ። አስረኛው እስኪያልቅ አላርፍም፤ ካለቀም በኋላ እጄ ብረት በነካ ቁጥር አንተን ሳላነሳ አልውልም። በሕይወት እስካለሁ አንተን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በትክክል እንዲያውቅህ አደርጋለሁ።

የአንተው አልማዝ