ስለ ቀይዋ ማኅተም፣ ስለ ጋሽ ጆሮና ስለ ግራ እጅጌው

ለተከበሩ የስፌት መኪና መሸጫና መጠገኛ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፤
በሌሉበት።

(ደብዳቤ ሲጻፍ “ባሉበት” እንደሚባል አላጣሁትም። ነገር ግን ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር “የሉም” ስለተባልኩ፣ ደብዳቤው እንዳይጠፋ ብዬ ትክክለኛ አድራሻዎን መጻፍ መረጥኩ።)

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? በጓሮ በር ፈጥኖ መውጣት ወገብ ይጎዳል ሲሉ ሰምቼ አሳስቦኛል። እኔ ከቴክኒሻንዎ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ከባድ ዜና ስለማረዳዎ፣ እባክዎ ወንበርዎን ደገፍ ይበሉ። ድርጅትዎ ለሁለት ዓመት ብሎ የሰጠን ዋስትና፣ በተወለደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች ዋስትና በወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው፣ የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት፣ በአጭር ዕድሜውም ማንንም ሳያስቀይም፣ ማንንም ሳይጠቅም የኖረ ጨዋ ነበር። ለእርስዎና ለመላው የድርጅቱ ሠራተኞች መጽናናትን እመኛለሁ።

ይህን የሚጽፈው ማን ነው ቢሉ፣ ሰፈሩ “ጣጣ” እያለ የሚጠራኝ፣ ከትምህርት ቤት በበሩ ሳይሆን በአጥሩ የወጣሁ ወጣት ነኝ። የፊደል ግድፈት ካገኙብኝ ይለፉልኝ። እኔም ብዙ አሳልፌልዎታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእግር በሚረገጥ መኪና ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ እግሯ እምቢ አላት። ሐኪሙም ወረቀቶቹን አገላብጦ የቀራትን ጊዜ በወራት ቆጠረላት። እሷም የልጇ ሠርግ የሚውልበትን ቀን በጣቶቿ ቆጥራ፣ “እኔ ባልደርስ እንኳ ቀሚሱ ይድረስ” አለችና ከወንበሩ ተነሳች። በማግስቱ እጄን ተደግፋ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በእግር ጣት ነካ ሲያደርጉት የሚሄድ መኪና ልንገዛ ወጣን።

ሦስት ሱቆች አየን፤ ሁለቱ ከእርስዎ ይረክሱ ነበር። የእርስዎን ያስመረጣት “አስተማማኝ ጥገና፤ በሰፈርዎ፤ በሰዓቱ” የሚለው ሰሌዳዎ ነው እንዳልል፣ አክስቴ ያለ መነጽር ሰሌዳ አታነብም። ያስመረጣት ከሰሌዳው ሥር ካቻቪቴውን ይዞ የተቀመጠው ጋሽ ጆሮ ነው።

ምናልባት ረስተውት ከሆነ፣ ጋሽ ጆሮ ማለት መኪናን በመስማት ብቻ በሽታውን የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። ሰፊዎች በሱቁ ስልክ ደውለው “ጋሼ፣ ተበላሸብኝ” ሲሉት፣ “አንቺ ዝም በይና እሷን አናግሪልኝ” ይላል። ስልኩን መኪናዋ ጎን አስቀምጠው ይረግጣሉ፤ እሱ እዚያ ማዶ ሆኖ “በቃ፣ ሰማኋት” ብሎ ይመጣል፤ ሲመጣ የሚያስፈልገውን ዕቃ ብቻ በኪሱ ይዞ ነው። አንድ ጊዜ እኔ የመኪና ድምፅ በአፌ አስመስዬ በስልክ ጠርቼው፣ ዳገቱን ወጥቶ መጥቶ ያገኘው ደህና መኪናና በሳቅ የሚንፈራፈር ጣጣ ነው። ጆሮዬን ቆንጥጦ፣ “ሌላ ጊዜ ስታስመስል ዘይት ጨምርበት፤ ደርቆ ነው የሚጮኸው” ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ አክስቴ አሮጌዋን መኪናዋን በልዋጭ ሰጥታ አዲሱን ወሰደች። አሮጌዋ ዛሬ በሱቅዎ መስታወት ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ተሸክማ ለጌጥ ቆማለች። ለአክብሮትዎ እናመሰግናለን። ቅሬታዎቼን ደግሞ እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በመኪናው ጎን ስለለጠፋችሁት ቀይ ማኅተም። “ከድርጅቱ ባለሙያ በስተቀር ማንም ቢከፍተው ዋስትናው ይሰረዛል” ይላል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የቀሚሱ አካል ተሰፍቶ፣ ቀኝ እጅጌው ተገጥሞ፣ ግራው ሊገጠም ሲል መኪናው መዝለል ጀመረ። አራት ይሰፋል፣ አምስተኛውን ይዘላል። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ፣ ቀጭ! እኔ ካቻቪቴ ሳነሳ አክስቴ በእንጨት ማስመሪያዋ እጄን መታችኝ።

“እጅህን ሰብስብ ጣጣዬ! ሬዲዮኑን ፈትተህ ስትገጥም ስንት ብሎን ነው የተረፈህ?”

“ሰባት።”

“በል ቁጭ በል። እኛ ዋስትና ያለን ሰዎች ነን።”

እንዲህ ያለ እምነት በአክስቴ ልብ ውስጥ መትከል ቀላል ሥራ አይደለምና፣ ምስጋናዬን ይቀበሉ።

ሁለተኛ፦ ስለ ስልካችሁ። ደወልን፤ ዘፈኑ አለቀ፤ እንደገና ጀመረ፤ በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳች። አክስቴ ጋሽ ጆሮ እንዳስለመዳት አንድም ቃል ሳትናገር ስልኩን መኪናው ጎን አስቀምጣ መስፋት ቀጠለች። ልጅቷም፣ “እባክዎ ጩኸት አለ፤ ጸጥ ወዳለ ቦታ ሄደው ይደውሉልን” ብላ ዘጋችው። ሦስት ጊዜ ደወልን፤ ሦስት ጊዜ መኪናውን አሰማናት፤ ሦስቴም ዘጋችው። አክስቴ አልተቆጣችም። “ልጅቷ ገና ተማሪ ትሆናለች። ጋሽ ጆሮን ያቅርቡልን በላት” አለችኝ። አልኳት። መልሱ፣ ጋሽ ጆሮ ለከፍተኛ ኃላፊነት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መዛወሩንና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ እኛ እንደሚላክ ነበር። አክስቴ በሰው ዕድገት ደስ ይላታል። “ይገባዋል! ስንት ዓመት በካቻቪቴ!” አለችና፣ ሲመጣ የሚቀመጥበትን ወንበር በሩ አጠገብ አስወጣችኝ።

አራተኛ፦ (ሦስተኛን ዘልያታለሁ። ከመኪናችሁ የተማርኩት ነው።) ስለ መጠበቅ። የእናንተ ሁለት ቀን በእኛ ቤት ሁለት ወር ከሦስት ቀን ሆነ። ጎረቤቶች የራሳቸውን መኪና ሊያውሷት ቢመጡ፣ “ዋስትና ያለው መኪና ገዝቼ ውሰት ልዙር እንዴ?” ብላ መለሰቻቸው። በእጇ ልትሰፋ ሞከረች፤ መድኃኒቱ ግን እጇን ያንቀጠቅጠዋል። ከሰዓት የሰፋችውን ማታ አይታ ትፈታዋለች፤ ጠማማ ስፌት ቤቷ አያድርም። ልጇ ከሥራ ስትመለስ “እማዬ፣ ተይው፣ የተሰፋ እንገዛለን” ብትላት፣ አክስቴ ቀሚሱን ወደ ደረቷ አስጠጋችው፤ ከዚያ ወዲያ ያን ቃል በቤታችን የደገመ የለም። እኔ አሥራ ሰባት ጊዜ ሱቅዎ መጣሁ። አሥራ ሰባቱንም ጊዜ እርስዎ መስክ ላይ ነበሩ። አንድ ቀን ብቻ ጫማዎ በጓሮ በር ሲወጣ አይቼ በአክብሮት እጅ ነሥቼዋለሁ።

በዚህ መካከል አንድ ቀልድ ሠራሁ። ከጋራዥ ሰማያዊ ቱታ ተውሼ፣ ደረቴ ላይ የድርጅትዎን ስም በካርቶን ለጥፌ፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ በሩን አንኳኳሁ። ድምፄን አጎርንኜ “ከድርጅቱ ነኝ፤ ለጥገና መጥቼ ነው” አልኩ። እንድትስቅ ነበር የፈለግኩት። እሷ ግን፣ ከአልጋ መነሳት ካቆመች ሳምንት ያለፋት ሴት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች፤ እግሯን ወደ መሬት አወረደች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ከዚያ ጫማዬን አየች። ሳቀች፣ ለእኔ ስትል ሳቀች። “አንተ ጣጣዬ፣ ትገድለኛለህ እኮ” አለችኝ። በዕድሜዬ ብዙ ቀልድ ሠርቻለሁ፤ መልሱልኝ ብል የምፈልገው እሱን ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ አክስቴ ስልኩን በደወልን በሁለት ወር ከሦስት ቀን ሞተች። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ የገደላት በሽታዋ እንጂ መኪናዎ አይደለም። በሽታው ቃሉን አክባሪ ነበር፤ እመጣለሁ ባለበት ወር መጣ፤ አድራሻውም አልጠፋውም። ቀሚሱ አንድ እጁ ሙሉ፣ አንድ እጁ ባዶ ሆኖ መኪናው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

አሁን ወደ ዘለልኳት ሦስተኛ እመለሳለሁ።

በሐዘኑ በሁለተኛው ቀን ጋሽ ጆሮ ሊያስተዛዝነን መጣ። ክፍት ቦታ ስላልነበረ፣ ሳያውቀው ለእሱ ሲጠብቅ በከረመው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔም በአክብሮት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት።

“የምን መሥሪያ ቤት?” አለኝ። “መኪናዋን በገዛችሁ በሳምንቱ አሰናበቱኝ እኮ። ከድልድዩ ማዶ፣ ቤቴ ነኝ።”

ክቡር ሆይ፣ ድልድዩ ከበራችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በእኔ እግር አሥራ ሁለት። “አባረነዋል” የምትል አንዲት እውነተኛ ቃል ብትነግሩኝ ኖሮ፣ የት ወደቀ ብዬ ፈልጌ፣ በዚያው ቀን በጀርባዬም ቢሆን አዝዬ አመጣው ነበር። ዋሻችሁን፤ እኛም አምነን እሱን ከእናንተ ስንጠብቅ ከረምን። ሦስተኛዋ ይህች ናት። ምስጋና አላገኘሁላትም።

ጋሽ ጆሮ የቀሚሱን ባዶ ትከሻ በጣቱ ዳሰሰና፣ “መኪናዋ ምን ነበር የምትለው?” አለኝ። ሰው በተቀመጠበት፣ በሐዘን ቤት መካከል፣ አፌን አሹዬ መኪናውን አሰማሁት። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ፣ ቀጭ። ማንም አልሳቀም። ዓይኑን ጨፍኖ “ድገመው” አለኝ፤ ደገምኩት።

“የመርፌው ዘንግ ወደ ላይ ሸሽቷል” አለ። “ከማኅተሙ ጀርባ አንዲት ብሎን አለች። ላላ አድርጋት፤ ዘንጉን የፀጉር ያህል ዝቅ አድርገውና መልሰህ አጥብቃት። ግማሽ ዙር ይበቃታል።”

ካቻቪቴ ፍለጋውን ጨምሮ አራት ደቂቃ ፈጀብን። ግራ እጅጌውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ጆሮ ከኋላዬ ቆሞ “ቀስ፣ ቀስ” እያለኝ። ጠማማ ነው። አክስቴ ብታየው ፈትታ ታስደግመኝ ነበር። ሙሽራዋ በሠርጓ ቀን ግራ እጇን ከጎኗ አጣብቃ ዋለች፤ ሰዉም “እንዴት ያለች ዓይን አፋር ናት” አለ።

የምጠይቀው ካሳ የለም። ጋሽ ጆሮን ወደ ሰሌዳዎ ሥር ይመልሱት፤ ይህ ካልተቻለ ሰሌዳውን ያውርዱት። ከአሮጌዋ መኪና ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባውን ያንሱላት፤ አክስቴ አቧራ የሚሰበስብ ነገር አትወድም ነበር።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከዝቅተኛ ትሕትናና በየአራቱ ከሚዘል ምስጋና ጋር፣ ለቢሮዎ በር፣ ለጓሮ በርዎና ለጫማዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

የቀድሞው የድርጅትዎ ሐሰተኛ ቴክኒሻን፣
ጣጣ

ማስታወሻ፦ ቀይዋን ማኅተም አልጣልኳትም፤ ዛሬ ጠዋት በቢሮዎ በር ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ለጥፌያታለሁ። እባክዎ እንዳይነኳት፣ ዋስትናዎ ይሰረዛል። ሌላው፣ ባለፈው ማክሰኞ ያቺው ልጅ ደውላ፣ አክስቴ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረኩ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር እንዲሰጡ ጠየቀች። እኔም ስልኩን መኪናው ጎን አስቀምጬ ነካ አደረግኩት። አንድም ሳይዘል፣ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። “እባክዎ ጩኸት አለ” ብላ ዘጋችው። እኔ ክሩ እስኪያልቅ አላቆምኩም። ለማንኛውም ብዙ አይጨነቁበት፤ ነገሩ ሲታይ ቀላል ነበር። የአንዲት ብሎን ግማሽ ዙር።